የጎበጠውን የእንጨት ድልድይ ዳዶ ከማጥበቅ በፊት

ጥያቄ፦ በገጠር መንገድ ላይ ያለ የቆየ የእንጨት ትረስ ድልድይ (በሦስት ማዕዘን የተያያዙ እንጨቶች የሚሸከሙት) መሃሉ ጎብጧል። የላይኛውንና የታችኛውን አግዳሚ የሚያገናኙት ቋሚ የብረት ዘንጎችም ላልተዋል። ዳዷቸውን ብናጠብቅ ይቃናል?

መልስ፦ ሊቃና ይችላል፤ ግን ከቁልፉ በፊት መዶሻና ትራፓኖ ይያዙ። የገለጹት አሜሪካዊው ድልድይ ሠሪ ዊልያም ሃው እ.ኤ.አ. በ1840 የፈጠራ መብት ያገኘበትን አሠራር ይመስላል፦ ሰያፍ እንጨቶቹ ይታመቃሉ፣ ዘንጎቹ ይወጠራሉ። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አያጥርም፤ በውፍረቱ ግን ይኮማተራል። አግዳሚው ሲቀጥን ዘንጉ ይላላል። ይህ ከሆነ መድኃኒቱ ዳዶው ነው።

አደገኛው ከዳዶው ሥር ያለው ጠፍጣፋ ብረት ወደ እንጨቱ ሰምጦ ሲገኝ ነው። እዚያ ውስጡ በስብሷል ወይም ተጨፍልቋል ማለት ነው፤ ማጥበቅ ጉዳቱን ያብሰዋል። በየመጋጠሚያው በመዶሻ መታ መታ ያድርጉ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድፍን ይላል። በተጠራጠሩበት ቦታ በ6 ሚሊ ሜትር መብሻ ከታች ወደ ላይ ሰያፍ አድርገው ይብሱ፤ ቀዳዳው ውኃ እንዳይቋጥር ነው። ነጣ ያለ ደረቅ ፍቅፋቂ ከወጣ ደህና ነው። ጥቁር፣ እርጥብና እንደ ዱቄት የሚፈርስ ከሆነ፣ ወይም መብሻው ድንገት ወደ ውስጥ ከገባ፣ ያ እንጨት መቀየር አለበት። ሲጨርሱ ቀዳዳውን በታከመ የእንጨት ውታፍ ይድፈኑት። አግዳሚው ድጋፉ ላይ የሚያርፍበትን ጫፍ በተለይ አይለፉት፤ አፈርና ቅጠል የሚከማቸው፣ መበስበስም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው።

እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ ተሽከርካሪ ያስቁሙ፣ ዳዶው የሚዞርበትን የዘንጉን ጥርስ አጽድተው ዘይት ይቀቡ፣ ከዚያ በሁለቱም ጎን ትይዩ ያሉትን ዳዶዎች ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያሉ እየተመላለሱ ያጥብቁ። አንዱን ብቻ ከወጠሩ ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። በክሪክ ማንሳት ካስፈለገም መጋጠሚያው ሥር እንጂ ከሁለት መጋጠሚያዎች መሃል አይደግፉ፤ አግዳሚው ይሰበራል። ይህንን መሐንዲስ ሳይቆም አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ መጋጠሚያውን በሬንጅ ብንደፍነውስ?

መልስ፦ አይድፈኑት። የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ግን አይበሰብስም። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት መሐንዲሱ ፐርሲ አለን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ባወጣው ንድፍ፣ አይረንባርክ ከሚባለው ጠንካራ ባሕር ዛፍ የተጠረቡትን አግዳሚዎች ጥንድ አድርጎ በመካከላቸው ክፍተት ትቷል። በዚያ ክፍተት አየር ያልፋል፣ የቀለም ብሩሽ ይገባል፣ አንዱ ሲበላሽም ድልድዩ ሳይፈርስ ለብቻው ይቀየራል። ከላይ ቆርቆሮ ማልበስ ይቻላል፤ ከእንጨቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀመጥ።