«እያንዳንዱ አባላት» ወይስ «እያንዳንዱ አባል»?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሶፍትዌር ለሚማሩ ልጆች የሲ (C) ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ማስታወሻ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ ክፍል ኢንተርፌስን (አንድ ነገር የትኞቹን ሥራዎች ሊሠራ እንደሚገባ የሚገልጽ ውል) እና ኢተሬተርን (የስብስብ አባላትን ተራ በተራ የሚያወጣ መሣሪያ) የመሳሰሉ፣ ሲ ውስጥ የሌሉ ነገሮችን በራሳችን እንዴት እንደምንሠራ ያሳያል። እዚያ ላይ «ኢተሬተሩ እያንዳንዱን አባላት ተራ በተራ ይሰጠናል» ብዬ ጻፍኩ። የሥራ ባልደረባዬ «አባል በል እንጂ አባላት አይባልም» አለኝ። በሊስቱ (በዝርዝሩ) ውስጥ ያሉት እኮ ብዙ ናቸው። ደግሞስ «የሲ ኢንተርፌስ» ማለት ልክ ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። ከ«እያንዳንዱ» በኋላ የሚመጣው ስም ነጠላ ይሆናል፤ ግሡም እንደዚያው። «እያንዳንዱ ተማሪ ደብተሩን ይዞ ይምጣ» እንላለን እንጂ «እያንዳንዱ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ይምጡ» አንልም። ቃሉን ፈታ አድርገው ይዩት። «እየ» አለበት፤ «አንድ» ደግሞ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ብዛቱን «እየ» ራሱ ስለያዘው ስሙ ላይ እንደገና መጨመር አያስፈልግም። «በየ»ም እንዲሁ ነው። ዜና ላይ «በየክልሎቹ» ሲባል ስሰማ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል፤ «በየክልሉ» በቂ ነው።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ግን ይገባኛል። «ልጆቹ እያንዳንዳቸው መቶ ብር ወሰዱ» ብንል ግሡ ብዙ ቁጥር ነው፤ ልክም ነው። እዚህ ባለቤቱ «ልጆቹ» ነው፤ «እያንዳንዳቸው» የገባው አከፋፈሉን ሊነግረን ነው። ብዙ ቁጥሩን የግድ ማስገባት ከፈለጉ «ከአባላቱ እያንዳንዱን» ይበሉ። «አባላቶች» ብቻ አይበሉ፤ «አባላት» ራሱ ብዙ ቁጥር ነው።

በእርስዎ ማስታወሻ ላይ ነገሩ ከሰዋስው ያልፋል። ኢተሬተር ምን እንደሚሠራ በጎጃም መንገድ እንየው። ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ባሕር ዳር። እነዚህን አሬይ (ነገሮች በተርታ የሚቀመጡበት የሜሞሪ ረድፍ) ውስጥ አስቀመጥናቸው እንበል። ኢተሬተሩ የት እንደደረሰ የሚያስታውስ ትንሽ ስትራክት፣ ማለትም የተለያዩ መረጃዎችን አንድ ላይ የሚይዝ ነገር ነው። «ቀጣይ» ያልነውን ፈንክሽን (ሲጠራ ሥራውን የሚሠራ የኮድ ክፍል) በጠራነው ቁጥር አንድ ከተማ ይመልስልናል፤ ቦታውንም በአንድ ወደፊት ያሳልፋል። ባሕር ዳርን ከሰጠን በኋላ ስንጠራው ናል («ምንም የለም» የሚል ምልክት) ይመልሳል፤ ሉፑም (እየደጋገመ የሚጠራው ኮድ) ያበቃል። ቡሬ ላይ ስንደርስ እጃችን ላይ ያለው ቡሬ ብቻ ነው። «እያንዳንዱን አባላት ይሰጠናል» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ግን ፈንክሽኑ ብዙ ከተማ ባንዴ የሚያወጣ ሊመስለው ይችላል። በሲ አንድ አባል የሚመልስ ፈንክሽንና ሙሉ ሊስት የሚመልስ ፈንክሽን የተለያዩ ናቸው። አንዲት «ላት» ተማሪውን ወደማይሆን አቅጣጫ ትወስደዋለች።

የሊኑክስ ከርነልን (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ኮድ ካሳዩአቸው «ሊስት ፎር ኢች ኤንትሪ» የሚባል ማክሮ (በሌላ ኮድ የሚተካ ስም) ያገኛሉ። ውስጡ ተራ ፎር ሉፕ ነው። ፕሮግራመሩ አንድ ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚይዝ ስም) ይሰጠዋል፤ በእያንዳንዱ ዙር ያ ተለዋዋጭ አንድ አባል ላይ ያመለክታል። ስለ ጥቅሉ ሲያወሩ ግን ወደ «ሁሉም» ይሂዱ፤ «በመጨረሻ ሁሉም አባላት ከሜሞሪ ይለቀቃሉ» ጥሩ አማርኛ ነው።

ወደ «የሲ ኢንተርፌስ» እንምጣ። እኔ «በሲ የተሠራ ኢንተርፌስ» ብል እመርጣለሁ። «የ» ነገሩ የቋንቋው የራሱ እንደሆነ ያስመስላል። ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ ውስጥ ሲን ሲሠራ፣ ጃቫ እንደሚባለው ሌላ ቋንቋ «ኢንተርፌስ» የሚል ቁልፍ ቃል አላስገባበትም፤ ዛሬም የለበትም። ያሉት ስትራክትና ፈንክሽን ፖይንተር (የፈንክሽን አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ) ናቸው። ፖይንተሮቹን ስትራክት ውስጥ ሰብስበን ኢንተርፌስ እናደርጋቸዋለን። «በ» ይህን በደንብ ይናገራል፤ ቋንቋው መሥሪያ ነው፣ የሠራነው እኛ ነን።

ያንኑ ምሳሌ ትንሽ እንግፋው። ወደ ባሕር ዳር በሞጣም ይኬዳል፤ ደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ አዴት፣ ባሕር ዳር። ይህን መንገድ አሬይ ሳይሆን ሊንክድ ሊስት (እያንዳንዱ አባል ቀጣዩን የሚጠቁምበት ሰንሰለት) ውስጥ እናስቀምጠው። ሁለቱ መንገዶች «ቀጣይ» የሚለው ፖይንተር ላይ የየራሳቸውን ፈንክሽን ያስቀምጣሉ። ከተሞቹን የሚያትመው ሉፕ ግን አንድ ፊደል አይቀየርበትም፤ «ቀጣይ»ን ይጠራል፣ የተሰጠውን ያትማል። ሊኑክስም ውስጥ «ፋይል ኦፕሬሽንስ» የተባለው ስትራክት እንዲህ ነው። የማንበብ፣ የመጻፍ፣ የመክፈት ፖይንተሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ድራይቨር (ዕቃን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) የራሱን ይሞላበታል።

እዚህ ላይ ለግሡም ይጠንቀቁ። «ኢምፕሊመንት ያደርጋል» ከማለት «ኢንተርፌሱን ያሟላል» ቢሉ ደስ ይለኛል። «ኢንተርፌስ»ንና «ኢተሬተር»ን ግን እንዳሉ ይተዉአቸው፤ ልጆቹ መጽሐፍ ሲገልጡ የሚያገኙት እነሱን ነው። «ኢንተርፌሱ ሁሉም ፈንክሽኖች እንዲሟሉ ያስገድዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለዎት ደግሞ «ያስገድዳል»ን ያውጡት። በጃቫ ይሠራል፤ አንድ ተራ ክላስ (በጃቫ የኮድ መዋቅር) የጎደለው ነገር ካለ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ያስቆመዋል። በሲ ግን ባዶ የቀረ ፖይንተር ዝም ተብሎ ያልፋል። ሳይፈተሽ የተጠራ ዕለት ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ «ፈንክሽኖቹን ማሟላት፣ ያልተሟላውንም ከመጥራት በፊት መፈተሽ የፕሮግራመሩ ኃላፊነት ነው» ብለው ይጻፉት።