ተርጓሚ ስልክ ላይ ለመጫን ለምትደክሙ ልጆች

ሰሞኑን አንድ ልጅ ጻፈልኝ። የትርጉም ሞዴሉ ላፕቶፑ ላይ ምንም አይልም፤ ስልክ ላይ ሲጭነው ግን አፑ ከፈት ይልና ድርግም። «ሰርቨር ላይ አድርጌው ብገላገልስ?» ይላል። ይቺ «ብገላገልስ» የድሮ ቁስል ነካካችብኝ።

በእኛ ጊዜ የነበረው ሞሰስ ነው፤ በ2007 የወጣ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በስታቲስቲክስ የሚተረጉም ሶፍትዌር። ስሙን እንኳ የምታውቁት አይመስለኝም። ጣጣው የሐረግ ሰንጠረዡ ነበር። እያንዳንዱን ሐረግ ከነአቻዎቹና ከነነጥቡ ስለሚይዝ በጊጋባይት ይለካል። የመጀመሪያው አንድሮይድ ስልክ ደግሞ ለአንድ አፕ የሚፈቅደው 16 ሜጋባይት ሚሞሪ ነበር።

አንድ ዝምተኛ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ሰንጠረዡን ወደ ባይነሪ፣ ማለትም ኮምፒውተር በቀጥታ ወደሚያነበው ቅርጽ፣ ቀየረና ሚሞሪ ካርዱ ላይ ተወው፤ ለዚያች ዓረፍተ ነገር የምትፈለገዋ ቁራጭ ብቻ ወደ ሚሞሪ ትመጣለች። እምብዛም የማይጠቅሙትን ሐረጎች ደግሞ ቆራረጣቸው። አንድ ማታ ኔትወርኩን አጠፋና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ስልኩ ጋለ። ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ተረጎመ። ትርጉሙ ይጎረብጣል፣ ግን ይገባል። ብዙም ሳይቆይ አለቆቻችን «ኢንተርኔት በየቦታው እየገባ ነው፣ ምን አደከማችሁ፣ ሰርቨር ላይ አድርጉት» አሉና ሥራው ተዘጋ። ኮዱን ቢያንስ ለሰው እንልቀቀው ብንል «የድርጅቱ ንብረት ነው» ተባልን። እዚያው በሰበሰ። ያ ባልደረባዬም ሙያውን ጥሎ ሄደ። በ2018 ጉግል ትራንስሌት ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ የኒውራል (በአንጎል አሠራር አምሳያ የተሠሩ) ሞዴሎችን ለ59 ቋንቋዎች ሲለቅ፣ የአንዱ ቋንቋ ፋይል ከ35 እስከ 45 ሜጋባይት ብቻ መሆኑን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ሰርቨር ነውር ነው እያልኩ አይደለም፤ እኔም እንጀራዬን የበላሁት በሰርቨር ሥራ ነው። ግን የሐኪም ወረቀቱን የሚያስተረጉም ሰው ጽሑፉ የማያውቀው ኮምፒውተር ጋ እንዲሄድበት ላይፈልግ ይችላል።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገር እንቢ ሲላችሁ ሞዴል ትቀይራላችሁ። ቆይ እንጂ! አፑ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ሚሞሪ ጠቦት ስልኩ ራሱ ዘግቶት ነው። መጀመሪያ ሎግካትን፣ ማለትም አንድሮይድ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ እዩ። ከዚያ ሞዴሉ ውስጥ ያሉትን ባለ 32 ቢት ቁጥሮች ወደ 8 ቢት አውርዱ፣ ፋይሉ ወደ ሩብ ይጠጋል። አሁንም ከከበደ ትልቁን ሞዴል አስተማሪ አድርጋችሁ ትንሽ ሞዴል ከእሱ ትርጉሞች አሠልጥኑ። ፋየርፎክስ አሳሹ ውስጥ ገጽ የሚተረጉመው እንዲህ ባሉ ትንንሽ ሞዴሎች ነው። ሙከራችሁን ደግሞ በውድ ስልክ አታድርጉ፤ ውድ ስልክ ይሸነግላችኋል።

ለጠየቀኝ ልጅ፦ ስታሠለጥን ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ ቀይረህ ከነበረ፣ ስልኩ ላይም ጽሑፉ ሞዴሉ ጋ ከመድረሱ በፊት ያው መቀየሪያ ይሥራ። አለበለዚያ አፑ መዘጋቱን ቢተውም ትርጉሙ ይበላሽብህና ጥፋቱን 8 ቢቱ ላይ ትለጥፋለህ።