«ፓይፕ ድሪም» የቧንቧ ህልም ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከታክሲ ሥራ ወጥቼ የራሴን እንጀራ ቤት ልከፍት ማሰቤን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ባጫውተው «ፓይፕ ድሪም» አለኝ። ፓይፕ ቧንቧ መሆኑን አውቃለሁ። የቧንቧ ህልም ግን ምንድነው? ስድብ ነው ምርቃት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄኛው ፓይፕ የውሃ ቧንቧ አይደለም። ፒፓ ነው፣ ያውም ኦፒየም የሚባለው አደንዛዥ ዕፅ የሚጨስበት ፒፓ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ ሳንፍራንሲስኮ፣ የኦፒየም ማጨሻ ቤቶች ነበሩ፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1875 ከለከለቻቸው። አጫሹ በጎኑ ጋደም ይላል። የኦፒየሟን ጠብታ በመርፌ ጫፍ ይዞ መብራት ላይ ያበስላታል፣ ከዚያ ፒፓው ላይ ያደርግና እንፋሎቷን ይስባል። ያኔ የሚታየው ሁሉ ያምራል። ሲነቃ ግን ምንም የለም።

እኛ አገር ጫት የቃመ ሰው ምርቃና ላይ ሆኖ ፎቅ ይሠራል፣ ፋብሪካ ይተክላል፣ ምርቃናው ሲወርድ ግን የሻይ ሳንቲም እንኳ ከኪሱ ያጣል አይደል? «የምርቃና ዕቅድ» ብትለው ልኩን አገኘኸው። ለሽማግሌ የምትነግር ከሆነ ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለልህ።

አጠቃቀሙ ላይ ልብ በል። «ፓይፕ ድሪም» ማለት ከባድ ነው ማለት አይደለም፤ አይሆንም ብሎ በሩን መዝጋት ነው። «ዴይድሪም» ሌላ ነው፤ እሱ ሥራ ላይ ቁጭ ብሎ በሃሳብ ጭልጥ ማለት ስለሆነ ማንንም አይነካም። ስለራስህ «ዘንድሮ ቤት መግዛት ለእኔ ፓይፕ ድሪም ነው» ብትል ችግር የለውም። የሰው ዕቅድ ላይ ሲለጠፍ ግን ያማል፣ ስለዚህ ቅር ቢልህ አልፈርድብህም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ቃሉ በጽሑፍ ከታየባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣ የቺካጎ ጋዜጣ ነው። ስለምን ይመስልሃል? በአየር ስለመብረር! ለብዙ ዓመት ፓይፕ ድሪም ሲባል የኖረ ነገር ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1903 ግን የራይት ወንድማማቾች እዚያው አሜሪካ፣ ኪቲ ሆክ አጠገብ፣ በሠሩት አውሮፕላን ለ12 ሰከንድ በረሩ።

ባልደረባህን «የማይሆነው የቱ ነው፣ ኪራዩ፣ ፈቃዱ ወይስ የጤፉ ዋጋ?» ብለህ ጠይቀው። ደህና መልስ ካለው ቁጭ ብለህ ስማው።