ሦስቱ ኤልዛቤት ደ በርጎች

እህቴ፣ ሦስት ባሎች አግብታለች ያልሻትን ኤልዛቤት ደ በርግ የትውልድ ሐረግ ለጥፈሽ፣ «ኤልዛቤት ደ በርግ አንድ ቦታ በ1327፣ ሌላ ቦታ በ1360፣ ሌላ ቦታ ደግሞ በ1363 አረፈች ይላል፤ ባሎቿም ልጆቿም አይገጥሙም፤ የቱን ልመን?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሦስቱንም እመኚ፤ ሦስት ሴቶች ናቸውና። እኔም በዚሁ ስም ሁለት ዓመት ያህል ስለደከምኩ የተማርኩትን ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1327 ያረፈችው የስኮትላንዱ ንጉሥ የሮበርት ብሩስ ሚስት ናት። በ1360 ያረፈችው የእርሷ የወንድሟ ሚስት፣ የክሌር እመቤት የምትባለው ናት። በ1363 ያረፈችው ደግሞ የዚህችው እመቤት የልጅ ልጅና አየርላንድ ውስጥ ያለው የአልስተር ርስት ወራሽ ስትሆን፣ ያገባችው የንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊን ልጅ ላዮኔልን ነው። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ስለምትኖር «ደ በርግ» የሚለውን ስናይ የአባቷ ቤት ይመስለናል። የክሌር እመቤት ግን በ1295 የተወለደችው በደ ክሌር ቤት ነው፤ አባቷ የግሎስተር ኧርል (ከፍተኛ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ጊልበርት፣ እናቷ የንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ልጅ ጆአን ናት። ደ በርግ የመጀመሪያ ባሏ የጆን ስም ነው። ከእርሱ በኋላ ሁለት ጊዜ ብታገባም በዚሁ ስም ትታወቃለች።

ሦስት ባሎች ስላልሽ የምትፈልጊው እርሷን መሆን አለበት። እኔ ትልቁን ስህተት የሠራሁትም በእርሷ ላይ ነው።

ጆን በ1313 ሲሞት ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር። በዓመቱ ወንድሟ ከስኮትላንዶች ጋር በተደረገው በባኖክበርን ጦርነት ልጅ ሳይተካ ወደቀ፤ ሰፊው የአባታቸው ርስትም ለሦስት እህትማማቾች ሆነ። ባለርስት መበለት ደግሞ ፈላጊዋ ብዙ ነው። በፌብሩዋሪ 1316 ቲኦባልድ ደ ቨርደን የተባለ ባላባት ከብሪስቶል ግንብ ጠልፎ ወሰዳት። ሲጠየቅ አስቀድመው አየርላንድ ውስጥ መተጫጨታቸውንና ወዳ እንደወጣችለት ተናገረ። ይህ የጠላፊው ቃል መሆኑን አትርሺ። እርሱም በዚያው ዓመት ጁላይ 27 ቀን ሞተ።

ልጃቸው ኢዛቤላ የተወለደችው በኤምዝበሪ ገዳም ሲሆን፣ የኤልዛቤት አክስት ማሪ በዚያ መነኩሲት ነበረች። እኔ ያገኘሁት ግልባጭ የልደቷን ቀን ማርች 21፣ 1316 ይላል። ጠለፋው በፌብሩዋሪ፣ ልደቱ በማርች! እመቤቲቱ አስቀድማ አርግዛ ነበር፣ ጠለፋው የይስሙላ ነበር ብዬ ለሳምንታት አመንኩ፤ በማስታወሻዬም ጻፍኩ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ዓመት የሚለወጠው ማርች 25 ቀን ስለሆነ ማርች 21 በአሮጌው ዓመት ይቆጠር ነበር። በዛሬው አቆጣጠር ልደቷ በ1317 ነው፤ አባቷ ከሞተ ስምንት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ማለት ነው። መስከረም ላይ ዓመት ለምንለውጥ ለእኛ ይህ ሊያመልጠን አይገባም ነበር። የሰው ስም ሰባት መቶ ዓመት ዘግይቼ ማጉደፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ሁልጊዜ በንጉሡ ዘመን፣ ማለትም ከነገሠበት ቀን ጀምሮ በሚቆጠረው ዓመት፣ አመሳክራለሁ፤ የኤድዋርድ ዳግማዊ 10ኛ ዓመት ከጁላይ 8፣ 1316 እስከ ጁላይ 7፣ 1317 ስለሆነ በዚያ ውስጥ የሚውለው ማርች አንድ ብቻ ነው።

ልጆቹን ለመለየት ከሁሉ የጠቀመኝ ባለርስት ሲሞት የሚደረገው የርስት ምርመራ ነው። የአካባቢው ሰዎች ምለው ሟቹ መቼ እንደሞተ፣ ምን መሬት እንደያዘ፣ ወራሹ ማን እንደሆነና ዕድሜው ስንት እንደሆነ ይመሰክራሉ። የዕድሜው ነገር በግምት ስለሚነገር አንዱ አውራጃ ከሌላው ሊለያይ ይችላል፤ የወራሾቹ ማንነት ግን የበለጠ የታመነ ነው። ቨርደን አራት ሴቶች ልጆች ተውቷል። ከኤልዛቤት የተወለደችው ኢዛቤላ ብቻ ናት፤ ሦስቱ የቀድሞ ሚስቱ የሞድ ሞርቲመር ልጆች ናቸው። አንቺ የለጠፍሽው ሐረግ አራቱንም ለኤልዛቤት ሰጥቷቸዋል፤ አስተካክዪው።

ቤተሰቡን በቅርብ ለማየት ከፈለግሽ ደግሞ ለንደን ውስጥ ኪው በሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የቤቷ የወጪ መዝገቦች አሉ። አንዱን ሳይ ብራናው ጫፍና ጫፉ እየተሰፋ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ነበር። ቀን በቀን ዳቦው፣ ወይኑ፣ ጠላው፣ ዓሣው፣ የፈረሶቹ ድርቆሽ ተጽፏል። በእንግዶቹ መካከል የራሷን ልጅ ስም ሳገኝ እጄን ከብራናው ላይ ማንሳት አልቻልኩም።

ሦስተኛው ባሏ ሮጀር ዳሞሪ ነው። በ1322 በንጉሡ ላይ ካመፁት ጋር ሆኖ ሞተ፤ እርሷም ከልጆቿ ጋር ባርኪንግ ገዳም ተዘጋባት። የእህቷ ባል ሂዩ ዴስፔንሰር መሬቷን በማስፈራራት እንደነጠቃት በ1326 በምስጢር ያስጻፈችው አቤቱታ አለ። የጠላፊው ቃል ብቻ ላነበበ ሰው የእርሷን ቃል እዚህ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አላገባችም። ካምብሪጅ ያለው ክሌር ኮሌጅ ስሙን ያገኘው ከእርሷ ነው።

ኑዛዜዋን በ1355 ስታጽፍ ከሦስቱ ልጆቿ በሕይወት የነበረችው የዳሞሪ ልጅ ኤልዛቤት ባርዶልፍ ብቻ ናት። የመጀመሪያው ልጇ ዊልያም በ1333 አየርላንድ ውስጥ ተገድሏል፤ ኢዛቤላም በ1349 አርፋለች። ስለዚህ ሐረጉን ከኑዛዜው ብቻ ከጀመርሽ ሁለቱን ታጫቸዋለሽ። ያስተካከልሽውን ስትለጥፊ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 የሚውሉትን ቀናት ምልክት አድርጊባቸው፤ አንድ በአንድ አብረን እናያቸዋለን።