ዘብራው ላይ ተዘረጋሁ፣ የፊት ፍሬን ልተው ወይ?

ሐምሌ ገብቶ ከሰአት በኋላ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ከሞተረኞች ሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ዝናብ ሆኗል፣ ስለዚ ዛሬ ሌላውን አሳድሬ (ካቴናዋ እየጮኸ ያስቸገራት ልጅ ይቅርታ፣ ላንቺ ለሚቀጥለው) የነዚህን ብቻ ይዣለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እቃ ማድረስ ነው ምሰራው፣ ቦክሰር ሞተር ነው ያለኝ። ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ቸርችልን ወርጄ ብሔራዊ ቴአትር ጋር ስደርስ ካፊያው ገና መጀመሩ ነበር፣ አንዲት ሴትዮ ጃንጥላዋን ፊቷ ላይ ዘቅዝቃ ዘብራው ላይ ዘው አለች፣ እኔም የፊት ፍሬን ጨመደድኩና ሞተሩም እኔም እቃውም አስፋልት ላይ ተዘረጋን። ተመስገን ክርኔ ተላጠ እንጂ ሌላ የለም፣ ሴትዮዋም ምንም አልሆነች፣ እንደውም ያነሳችኝ እሷ ናት። አሁን ጓደኞቼ ሁሉ «ዝናብ ላይ የፊት ፍሬን አይነካም፣ የእግሩን (የኋላውን) ብቻ» ይሉኛል። እውነት ነው?
*ክርኑ የተላጠው፣ ከፒያሳ*

መልስ፦ እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። ጓደኞችህ ተሳስተዋል፣ ግን አልፈርድባቸውም፣ እኔም ስጀምር እንደዛ ብለውኝ ሁለት ክረምት የእግሩን ብቻ እየረገጥኩ ነድቻለሁ፣ ያኔ ምን ያህል ጊዜ የኋላ ጎማዬ እንደ ጭራ እንደተወዛወዘ እኔና ፈጣሪ ነን ምናውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን ስትይዝ ያንተም የሞተሩም ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የፊት ጎማው አስፋልቱ ላይ ይጫናል፣ ስለተጫነ ደሞ ይበልጥ ይይዛል። የኋላው በተቃራኒው ይቀላል፣ የቀለለ ጎማ ቶሎ ይቆለፋል፣ የተቆለፈ ጎማ ያዳልጣል። ስለዚ የእግሩን ብቻ ስትረግጥ ማቆሚያ ርቀትህ በጣም ይረዝማል፣ ሴትዮዋ ጋር ሳትወድቅ ትደርሳለህ ማለት ነው፣ እሱ ደሞ ከመውደቅም ይብሳል። ግን ልብ በል፣ ክብደቱ ወደ ፊት ለመሄድ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። አንተ የጨመደድከው ገና ሳይጫን ነው። የእጁን (የፊቱን) ፍሬን መጀመሪያ ዳሰስ፣ ከዛ ቀስ እያልክ ጨመር፣ ልክ ሎሚ ስትጨምቅ ፍሬው እንዳይወጣብህ እንደምትጠነቀቀው። የእግሩንም አብረህ ያዝ፣ በደረቁ ከምትይዘው ትንሽ ድርሻውን ከፍ አርገህ፣ ምክንያቱም ዝናብ ላይ ሞተሩ ያን ያህል ወደ ፊት አይደፋም። ሸርተት ማለቱ ከተሰማህ ወዲያው ለቀቅ አርገህ መልሰህ ያዝ። ይሄን ሁሉ ደሞ ሞተሩ ቀጥ ብሎ እንጂ ኩርባ ላይ አጋድለህ አይደለም።

ሁለተኛው፣ እንደውም ዋናው፣ የት ላይ ነው የያዝከው? ዘብራ ላይ። ያ ነጭ ቀለም የአስፋልቱን ሻካራ ፊት ይደፍነዋል፣ ውሃው ሚገባበት ቀዳዳ የለውም፣ ላዩ ላይ ይተኛል፣ ቀለሙ ወፈር ሲል ደሞ ባሰ። ዘብራ ላይ ፍሬን አይያዝም፣ ነዳጅም አይጨመርም፣ ፍሬኑ ከዘብራው በፊት ነው ሚያልቀው። የብረት ክዳን፣ ለግንባታ መንገዱ ላይ ሚዘረጋው ላሜራ፣ የድልድይ መገጣጠሚያ ብረት ሁሉም የዘብራ ወንድሞች ናቸው፣ ቀጥ ብለህ፣ ሳታጋድል፣ ያለ ፍሬን እለፋቸው። እኔ ለገሃር አካባቢ አንድ ላሜራ ላይ ስታጠፍ ያወላለቅኩት ትከሻ እስካሁን ሐምሌ በመጣ ቁጥር ያስታውሰኛል።

ሶስተኛ፣ «ካፊያው ገና መጀመሩ ነበር» ብለሃል። እሱን ሳነብ ነው ታሪኩ የገባኝ። ሰው ዶፍ ይፈራል፣ ካፊያን ግን ይንቃል፣ ሚጥለው ግን ካፊያ ነው! ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመው አቧራ፣ ከየሚኒባሱና ከየሲኖትራኩ የተንጠባጠበው ዘይትና ናፍጣ ትንሽ ውሃ ሲያገኝ እንደ ሳሙና ይሆናል፣ የመጀመሪያዎቹ 10 ወይ 15 ደቂቃዎች ናቸው ክፉዎቹ፣ ከዛ በደንብ ከዘነበ ይታጠባል። ስለዚ ካፊያ ሲጀምር አንዱ ካፌ በር ላይ ቆመህ ማኪያቶ ጠጣ፣ ደንበኛህ ይጠብቃል (ባይጠብቅም ይጠብቅ)። መቆም ካልቻልክ ደሞ የመንገዱን መሀል ሳይሆን የመኪኖቹ ጎማ ሚሄድበትን መስመር ያዝ፣ ዘይቱ ሚንጠባጠበው በሁለቱ ጎማ መሀል ነው። አደባባይና መብራት ላይ ብዙ መኪና ስለሚቆም የባሰ ነው፣ አስፋልቱ ላይ እንደ ቀስተ ደመና ሚያብለጨልጭ ነገር ካየህ ናፍጣ ነው፣ በሩቁ ዙረው።

ቸርችልን ስትወርድ በፎሌ (ማርሽ ሳታስገባ) ነው ምትወርደው? እንደማትዋሸኝ ተስፋ አለኝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ ሚወርድ ሞተረኛ በየቀኑ ነው ማየው፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ሚይዝልህን ነገር ትተህ ሁሉንም በፍሬን ልታረገው ነው ማለት ነው፣ ያውም በእርጥብ መንገድ። ሁለተኛ ወይ ሶስተኛ ማርሽ ላይ አርገህ ውረድ፣ ማርሽ ስትቀንስ ግን ፍሪሲዮኑን በቀስታ ልቀቅ፣ ድንገት ከለቀቅከው የኋላ ጎማ ልክ ፍሬን እንደረገጥክ ነው ሚሸሸው።

ርቀትህንም አስብ። በሰአት 40 ኪሎ ሜትር እየነዳህ በ1 ሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳለህ፣ ሴትዮዋን አይተህ እጅህ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ብቻ 11 ሜትሩ ሄዷል። በዝናብ ጊዜ ደሞ ጃንጥላ የያዘ ሰው አንተን አያይም፣ ያልያዘውም አንገቱን ደፍቶ ነው ሚሮጠው፣ ሚኒባሱ ደሞ ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ካየ መሀል መንገድ ላይም ይቆምለታል። ከፊትህ ካለው መኪና 4 ሰከንድ ያህል ራቅ። «አዲስ አበባ ላይ 4 ሰከንድ ክፍተት ከተውኩ ሶስት ታክሲ ይገባበታል» ትለኝ ይሆናል። ይግባ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሴት ሞተረኛ ነኝ፣ ከስድስት ኪሎ ሜክሲኮ ስራ እመላለሳለሁ፣ መነፅርም አረጋለሁ። ዝናብ ሲመጣ ሄልሜቱ ውስጥ መነፅሬም መስታወቱም በጉም ይሸፈናል፣ እጄ ደሞ ይደነዝዛል። ባለቤቴ «ሽጪው» እያለኝ ነው።
*ጉም የለበሰችው*

መልስ፦ እህቴ አትሽጪው። ጉሙ ካንቺ ትንፋሽ ነው፣ ሙቅ ትንፋሽ ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ ውሃ ይሆናል፣ የአዲስ አበባ ክረምት ደሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠን ብርዱ ቀልድ አይደለም። አንድ ጠብታ የእቃ ሳሙና በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አርገሽ የሄልሜቱን መስታወት በውስጥ በኩል ቀቢውና እስኪጠራ ወልውይው፣ መነፅርሽንም እንደዛው፣ ለሁለት ሶስት ቀን ይይዛል። ከአፍንጫሽ በላይ ሚታሰር ሻሽ ካለ ከአፍንጫ በታች አውርጂው፣ ትንፋሹን ወደ መነፅር ሚልከው እሱ ነው። ስትቆሚ መስታወቱን አንድ ጣት ከፈት አርጊ፣ ስትነጂም ትንሽ ስንጥቅ ተይለት። ጥቁር መስታወት ከሆነ ግን ክረምቱን ቀይሪው፣ ሐምሌ አስራ አንድ ሰአት ላይ በጥቁር መስታወት መንዳት አይን ጨፍኖ መንዳት ነው።

እጅ ላይ ደሞ ሀብታም መሆን አያስፈልግም፣ የሱፍ ጓንት፣ ከላዩ ሰፋ ያለ የወጥ ቤት ላስቲክ ጓንት። ያስቃል አውቃለሁ፣ እኔ በቢጫ ጓንት ሰራተኞች ሁሉ እየሳቁብኝ ነው ቢሮ ምገባው የነበረው፣ ግን የደነዘዘ ጣት ፍሬን ላይ ይዘገያል፣ ቀስ አርጎ መጨመቅም አይችልም፣ ከላይ ለክርኑ ልጅ የነገርኩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እግር ላይ ካልሲ፣ ከካልሲው በላይ ፌስታል፣ ከዛ ጫማ። የዝናብ ልብስ ስትገዢ ሱሪና ጃኬት የተለያየውን ግዢ፣ ያ እንደ ድንኳን ሚንቦጨረቀውን አትግዢ፣ ጫፉ ካቴና ውስጥ ወይ ጎማ ውስጥ ይገባል፣ ንፋስ ሲመጣም እንደ ሸራ ነው ሚጎትትሽ። ቀለሙ ደማቅ ይሁን፣ ጥቁር ከሆነ ከላዩ አንጸባራቂ ሰደርያ ጣል አርጊ። ለባለቤትሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ፣ እሱም ጓንቱን ይግዛልሽ።

ጥያቄ፦ ጋሼ አጭር ጥያቄ፣ ጎሚስታው «ክረምት ላይ ንፋስ ቀንስ፣ ጎማው ሰፋ ብሎ ይይዛል» ብሎ ቀነሰብኝ፣ ልክ ነው?
*ከተክለሃይማኖት*

መልስ፦ ጭቃ ገጠር መንገድ ላይ ቢሆን ትንሽ ሀሳብ አለው፣ አስፋልት ላይ ግን መልስና አስሞላ። ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው መሀሉ ይጎደጉዳል፣ ውሃ ሚያስወጡት ቦዮች ይጣበባሉ፣ ሞተሩም መሪው ይከብድሃል። ሞተሩ ላይ ወይ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ልክ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለካ። ከዛ ይልቅ ጥርሱን እየው፣ ቦዩ ውስጥ ከፍ ያለች ትንሽ ምልክት አለች፣ የጎማው ፊት ከሷ ጋር እኩል ከሆነ በቃ ጎማው ሞቷል፣ «እስከ መስከረም ያድርሰኝ» አይሰራም፣ ምክንያቱም ጎማ ሚያስፈልግህ እስከ መስከረም ነው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ሞተር ገዛሁ። ውሃ ውስጥ ብገባ ይይዘኛል እንዴ?
*ፈሪው፣ ከካዛንቺስ*

መልስ፦ በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ሚጠይቀኝ በዝቷል፣ ከሞተረኛውም ጭምር። አይዞህ፣ ዝናብ ላይ ለመነዳት ነው የተሰራው፣ ባትሪውም ሞተሩም የታሸገ ነው። መዝነብና መዝፈቅ ግን ይለያያል፣ ውሃው የጎማው መሀል ብረት ጋር ከደረሰ አትግባበት። በግፊት ውሃ አታሳጥበው፣ ቻርጅ ሚሰካበት ቦታ እርጥብ እያለ አትሰካ፣ አድርቀው።

እኔን ሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንደኛ ነዳጅ ከሚጠቀመው ይልቅ ድንገት ነው ሚነሳው፣ መብራት ላይ ዘብራ ረግጠህ ቆመህ አረንጓዴ ሲበራ እጄታውን ጠምዘዝ ካረግከው የኋላው ይሸሻል፣ ኢኮ ሚባል (ጉልበቱን ሚቀንስ) ሞድ ካለው ክረምቱን በሱ ንዳ። አንዳንዶቹ ደሞ እጄታውን ስትለቅ ራሳቸው ፍሬን ይይዛሉ፣ በድንገት አትልቀቅ። ሁለተኛ ድምፅ የለውም፣ ጃንጥላ ስር ያለ ሰው ደሞ ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ሲንጣጣ አንተን በጭራሽ አይሰማህም፣ ክላክስህን ቀደም ብለህ አጭር አርገህ ንካ።

ጎርፉ ቡናማ ሆኖ መሬቱ ማይታይ ከሆነ ግን ኤሌክትሪክም ሆነ ነዳጅ አትግባ። ክዳን የሌለው ጉድጓድ ከስር አለ ብለህ አስብ። ግድ ካለፍክ ደሞ ከወጣህ በኋላ ትንሽ እየሄድክ ሁለቱንም ፍሬን በስሱ ይዘህ አድርቀው፣ በተለይ ከበሮ ፍሬን ሸራው ከረጠበ መጀመሪያ አይይዝም፣ ከዛ ድንገት ይይዛል።

ጥያቄ፦ በረዶ ሲጥል የባቡሩ ድልድይ ስር መቆም ይቻላል?
*ከስታዲየም*

መልስ፦ በረዶ ሲመጣ መቆምማ ግዴታ ነው፣ አስፋልቱ ላይ የተዘረገፈ በረዶ ላይ ሞተር አይነዳም። ግን ስታዲየምና ሜክሲኮ ጋር ሀያ ሞተረኛ ተጠጋግቶ ግማሹ መኪና መንገድ ላይ ቆሞ አያለሁ፣ ከኋላ ሚመጣው ሹፌር ደሞ በዛ ሰአት በመኪናው መስታወት አጥርቶ አያይም። ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ውጣ፣ መብራትህን አታጥፋ፣ ቦታ ካጣህ ሞተሩን ትተህ አንተ ተጠለል። ሞተር ይታጠባል።