ጥያቄና መልስ፦ የመድኃኒት ተክሎችና ሥራቸው ዙሪያ ያሉ ባክቴሪያዎች

የዚህ ሳምንት መላሻችን በአፈር ባክቴሪያ ላይ ለብዙ ዓመታት የሠሩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አባላችን ናቸው። አብዛኞቻችን ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስና ከልደታ ስለሆንን ጥያቄው ሁሉ የበረንዳና የጠባብ ግቢ ነው።

ጋሼ፦ እንደምን ዋላችሁ። ሁለት ነገር ልበል። ስለ አፈርና ስለ ሥር ጠይቁኝ፤ ቅጠሉ ለየትኛው ሕመም እንደሚጠጣ ግን ሐኪም ጠይቁ። ስትጠይቁ ደግሞ ተክሉን፣ ዕቃውን፣ አፈሩ ከየት እንደመጣና በስንት ቀን ውኃ እንደምታጠጡ ጻፉ። ያለዚያ መልስ የለኝም።

የልደታ በረንዳ፦ ጋሼ፣ ባክቴሪያ በሽታ አይደል እንዴ የሚያመጣው? ለጤና አዳሜ ምን ይጠቅማታል?

ጋሼ፦ ጥሩ መነሻ ነው። ሥር ከአፈር መውሰድ ብቻ ሳይሆን ይሰጣልም። ቅጠሉ በፀሐይ ከሠራው ምግብ ከፊሉ በሥሩ በኩል ወደ አፈር ይወጣል፤ ስኳር፣ አሚኖ አሲድ፣ ኦርጋኒክ አሲድ። ባክቴሪያዎቹ ይህን ፍለጋ ይሰበሰባሉ። ከሥሩ በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ውስጥ ያለው ብዛታቸው ራቅ ብሎ ካለው አፈር አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ጀርመናዊው ሎሬንዝ ሂልትነር ይህችን ስስ አካባቢ በ1904 እ.ኤ.አ. ሪዞስፌር አላት።

የበሉትን ደግሞ ይከፍላሉ። አንዳንዶቹ አሲድ አውጥተው አፈሩ አልለቅም ያለውን ፎስፈረስ ያስለቅቃሉ። እንደ ሱዶሞናስ ያሉት ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ ብረቱን ሲሻሙት ሥር የሚያበሰብሰው ፈንገስ ይራባል። ሌሎቹ ኦክሲን የተባለውን የዕድገት ሆርሞን ይሠራሉ፤ በዚህም የጎን ሥርና የሥር ፀጉር ይበዛል። ተክል በውኃ ጥም ወይም በውኃ ብዛት ሲጨነቅ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያመርታል፤ ኤቲሊን ሲበዛ ሥሩ ይቀጭጫል። የኤቲሊኑን መነሻ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ሥሩም እፎይ ይላል።

በሽታ አምጪም አለ፣ አልክድም። ግን ሥሩ ዙሪያ ቦታው በጠቃሚዎቹ ከተያዘ ለጎጂዎቹ መግቢያው ይጠባል።

ፒያሳ 7፦ ዳማከሴዬ አላድግ ብላኛለች። ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ በምን ዕቃ? በምን አፈር? ከላይ ጽፌያለሁ እኮ።

ተካዩ፦ የባክቴሪያ ዱቄት የት ይሸጣል?

ጋሼ፦ አገር ውስጥ መናገሻ ባዮቴክ የጥራጥሬ ባክቴሪያ ያመርታል፤ ለባቄላ፣ ለሽምብራ፣ ለአኩሪ አተር የሚሆን። ለጤና አዳምና ለዳማከሴ ግን እሱ አይደለም የሚያስፈልገው። አፈሩ አየር ከሌለው ከውጭ የጨመራችሁት ባክቴሪያ በሳምንታት ውስጥ ይመናመናል፤ ነባሮቹም ይበልጡታል። መጀመሪያ ሥሩ የሚተነፍስበትን አስተካክሉ።

አራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ አብሽ በረንዳ ላይ ዘርቻለሁ። ያንኑ የባቄላውን ባክቴሪያ ብጠቀም ይሠራል?

ጋሼ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር! አይሠራም። ባቄላ፣ አተርና ምስር አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይጋራሉ። አብሽ ግን የአልፋልፋ፣ የከብት መኖው ተክል፣ ወገን ናት። የምትፈልገው ሲኖራይዞቢየም የሚባለውን ነው። ሌላውን ብታፈስላት ሥሯ በር አይከፍትለትም። ሥሩ ፍላቮኖይድ የሚባል ኬሚካል ይለቃል፤ ባክቴሪያው በራሱ ምልክት ይመልሳል፤ ምልክቱ ካልገጠመ ግንኙነት የለም። በእኔ ዕይታ በተፈጥሮ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ነገር የለም።

ከገጠመ ግን የሥሩ ፀጉር ይጠቀለልና ባክቴሪያውን ያስገባዋል፤ ከዚያ ትንንሽ እባጭ ይወጣል፣ ኖዱል የምንለው። እዚያ ውስጥ ሆኖ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይቀይራል። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት አንዷን ተክል መሥዋዕት አድርግ። ጎትተህ አትንቀል፤ እባጩ አፈር ውስጥ ይቀራል። ከነአፈሯ አውጣትና በውኃ ቀስ ብለህ እጠባት። ከዚያ እባጩን በጥፍርህ ክፈተው። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ቀለሙ የሌግሄሞግሎቢን ነው፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ዝምድና ያለው ፕሮቲን። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም።

ዩሪያ አትጨምርባት፣ አደራ። ናይትሮጅን በነፃ ካገኘች እባጩን ለመሥራት አትደክምም።

የልደታ በረንዳ፦ እኔ ዩሪያ ጨምሬ ነበር፣ ቅጠሉ አማረ።

ጋሼ፦ ማማሩማ ያምራል። ለቅጠል ከሆነ የተከልሽው ይበቃሻል። ስለ ባክቴሪያው ከሆነ የምንነጋገረው ግን ዩሪያ አትጨምሩ ነው የምለው።

እናት ጓዳ፦ ይሄ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል? የገጠር ዳማከሴ ሁልጊዜ ይበልጣል። የበረንዳው ሽታ የለውም።

ተካዩ፦ አይ እናት ጓዳ፣ የእኔ በረንዳ ላይ ያለው ቤቱን ሁሉ ያውደዋል። የገጠሩ የሚሻለው ትኩስ ስለሚመጣ ነው።

እናት ጓዳ፦ ትኩስ? ከመርካቶ ጠውልጎ የምገዛው እንኳን ከኮንዶሚኒየሙ ይሻላል።

ፒያሳ 7፦ የእኔማ ሽታ አይደለም ቅጠልም የላት።

ጋሼ፦ ልግባበት፣ ጉዳዩ ከባክቴሪያው ጋር ይገናኛል። ሽታውን የሚሰጠው በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ዘይቱ በዝርያው፣ በፀሐዩ፣ በውኃውና ሥሩ ላይ ባሉት ፍጥረታት ይለዋወጣል። በበሶብላ ላይ በተደረገ ሙከራ ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያወጣው ጋዝ ብቻ፣ ሥሩን ሳይነካው፣ የቅጠሉን ዘይት አብዝቷል። በሶብላና ዳማከሴ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ያ ማለት ግን ውጤቱ እንዳለ ለዳማከሴ ይሠራል ማለት አይደለም።

ደጋግሜ የምለውን ልድገመው፦ ትልቅ ቅጠል ማለት ብርቱ መድኃኒት ማለት አይደለም። ውኃና ናይትሮጅን የጠገበ ተክል ይፋፋል፣ ዘይቱ ግን ሊሳሳ ይችላል። መጠነኛ ጭንቀት ያየው ደግሞ አንዳንዴ ያጠነክረዋል። ሁለታችሁም የየራሳችሁን አሽትታችሁ ነው የምትከራከሩት። ያ መለኪያ አይደለም።

ቀበና፦ ወንዙ ዳር ጥቁር፣ ለም የሚመስል አፈር አለ። በማዳበሪያ ከረጢት ላምጣ?

ጋሼ፦ አታምጣ! ከቀበናም ሆነ ከባንተ ይቀጡ ወንዝ ዳር አፈር አታምጡ፣ ውኃቸውንም አታጠጡ። ከጋራዥ አጠገብና ከመንገድ ዳር ያለውም እንዲሁ ነው። እርሳስና ካድሚየም አይበሰብሱም። ባክቴሪያ ዘይትና ኬሚካል ሊበላ ይችላል፤ ብረታ ብረትን ግን አያጠፋም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ያሟሙትና ወደ ሥሩ እንዲገባ ያግዙታል። ያን ቅጠል አፍልታችሁ ለልጅ ልትሰጡት እኮ ነው! ከፈረሰ ቤት ላይ የተጫነ አፈርም ሲሚንቶ ስላለበት ብረትና ፎስፈረስ ይታሰሩበታል።

አራት ኪሎ፦ አፈሩን በበረኪና ባጥበውስ?

ጋሼ፦ ጠቃሚዎቹንም ትገድላለህ። እርሳሱ ደግሞ እዚያው ይቀመጣል። ተው።

ሜክሲኮ፦ የጎረቤት ላም ፍግ ትኩሱን ባደርግስ?

ጋሼ፦ ትኩስ ፍግ ሰውን የሚያሳምም ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ጤና አዳም ሳይፈላ ቡና ውስጥ ይነከራል። በደንብ የተብላላውን ብቻ ተጠቀሚ።

ተካዩ፦ ለፌጦስ የማይኮራይዛ ፈንገስ ልግዛ?

ጋሼ፦ አትግዛ። ፌጦ የጎመን ዘመድ ናት፤ ማይኮራይዛን፣ ከሥር ጋር ተጋግዞ የሚኖረውን ፈንገስ፣ ከማይዙት ወገን ናት።

እናት ጓዳ፦ ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር ይሆናል?

ጋሼ፦ ሐኪም ጠይቁ ብያለሁ። ይህን አንድ ብቻ እላለሁ፦ ነፍሰ ጡር ትራቀው፣ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል።

ሜክሲኮ፦ ዱቄቱ የት ነው የሚሸጠው?

ጋሼ፦ ወደ ላይ ውጪና ተካዩ ስለ ዱቄቱ ሲጠይቅ የመለስኩትን አንብቢ።

ፒያሳ 7፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን በዝርዝር። የቀለም ባልዲ፣ ታች ቀዳዳ የለውም። አፈሩ ዋልካ። በየቀኑ አጠጣለሁ።

ጋሼ፦ አየሽ፣ አሁን መልስ አለኝ። ሥሯ ታፍኗል። ዋልካ ውኃ ይይዛል፤ ባልዲው መውጫ የለውም። ኦክስጅን ሲጠፋ ሥሩን የሚያግዙት ባክቴሪያዎች ይደክማሉ፤ ሌሎች ደግሞ ተክሉ የሚመገበውን ናይትሬት ወደ ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይለቁታል። ቅጠሏ ቢጫ ሳይሆን አይቀርም። ባልዲው ታች በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሺው። ዋልካውን ተዪና ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የተብላላ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅይ። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ ስትከቺ ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጪ። ምንም ዱቄት አያስፈልግሽም።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦ ጋሼ፣ ቤታችን ሲፈርስ ከግቢው ጤና አዳም ሥር አፈር በፌስታል ይዤ ወጥቻለሁ። አሁን አራተኛ ፎቅ ነኝ። አዲሱ ዕቃ ውስጥ ልቀላቅለው?

ጋሼ፦ ጤና አዳሙ ጤነኛ ነበር? ሥሩ ካልበሰበሰና ግቢው ከመንገዱ ራቅ ያለ ከነበረ አዎ። ያ አፈር ከዚያ ሥር ጋር የኖሩ ባክቴሪያዎች አሉበት፤ ከማንኛውም የታሸገ ዱቄት እመርጠዋለሁ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት እፍኝ ያህል፣ ችግኙ ሥር በሚያርፍበት ቦታ አድርጊ። ፌስታሉ ውስጥ ታፍኖ ከሸተተ አውጥተሽ ጥላ ላይ አናፍሺው፣ ፀሐይ ላይ ግን አታስጪው። ከቀላቀልሽ በኋላ በዚያው ቀን ችግኙን ትከዪበት፤ ሥር ከሌለ የሚበሉት የላቸውም።