ወይን ጠጅ ድንጋዮች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 1.4 ኪሎ በምትይዝ ተምብለር (ድንጋይን ከዱቄትና ከውሃ ጋር በምታሽከረክር በርሜል) የአሜቲስት፣ ማለትም የወይን ጠጅ ኳርትዝ፣ ጠጠሮችን ለአራት ሳምንት አሽከርክሬያለሁ። ከቁጥር 80 ሸካራ ዱቄት ጀምሬ (ቁጥሩ ሲጨምር ዱቄቱ ይልማል) በየሳምንቱ እየቀየርኩ እስከ መወልወያው፣ እስከ ሴሪየም ኦክሳይድ ደረስኩ። እርጥብ ሲሆኑ እንደ መስታወት ያበራሉ፤ ሲደርቁ ግን ጉም የለበሱ ይመስላሉ። ጠርዛቸው ላይ ደግሞ የተቆረጠ ጥፍር የሚመስሉ ነጫጭ ስንጥቆች ወጥተዋል። የተሸጠልኝ መወልወያ አስመስሎ የተሠራ ይሆን? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዱቄቱን አይጣሉት። የገለጹልን ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች ናቸው፤ ሁለቱም የደረሱት መወልወያው በርሜሉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው።

ጉሙ ያልጠፋ ጭረት ነው። ሴሪየም ኦክሳይድ ጭረት አይፍቅም፤ ቀድሞ የለሰለሰን ገጽ ነው የሚያበራው። ቁጥር 80 የተወውን ጭረት 220 ካላጠፋው፣ 220 የተወውንም 500 ካላጠፋው፣ ድንጋዩ ገና ሸካራ እንደሆነ መወልወያው ላይ ይደርሳል። እርጥብ ሲሆን ያበራልዎ ውሃ ጭረቶቹን ስለሞላቸው ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ አምስት ስድስት ድንጋዮች አውጥተው ያጥቡ፣ በጨርቅ ያድርቁ፣ ከዚያ የእጅ ባትሪ በጎን በኩል እያበሩ ይመልከቷቸው። በየደረጃው “አንድ ሳምንት” የሚባለው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። በተለይ የመጀመሪያው ደረጃ ቅርጽ የሚያወጣው ስለሆነ፣ ለአሜቲስት ሁለትና ሦስት ሳምንት ቢፈጅ የሚገርም አይደለም። ዱቄቱን በየሳምንቱ እያደሱ ድንጋዩ እስኪድበለበል ይቀጥሉ።

ከ500 በኋላ የምናደርገው አንድ ፈተና አለ፤ እርስዎም ሳይሞክሩት ወደ መወልወያ አይለፉ። ከአሮጌ ጂንስ አንድ ቁራጭ ያርጥቡ፤ በጥቂት ውሃ የተለወሰ ሴሪየም ኦክሳይድ ይቀቡት፤ የአንዷን ድንጋይ አንድ ጎን ለጥቂት ደቂቃ አጥብቀው ይሹት። የታሸው ቦታ ደርቆም ካበራ የቀሩት ዝግጁ ናቸው። ካላበራ ሁሉም ወደ 500 ይመለሱ። አንድ ተጨማሪ ሳምንት ያስከፍልዎታል፤ መወልወያውን ግን ያተርፉታል።

ሌላው የጉም ምክንያት የዱቄት መቀላቀል ነው። ጥቂት የቁጥር 80 ፍሬዎች ክዳኑ ሥር ተጣብቀው ወደ መጨረሻው ደረጃ ከተሻገሩ የሳምንት ሥራ ያበላሻሉ። በየደረጃው በርሜሉን፣ የክዳኑን ጎማና እያንዳንዱን ድንጋይ በጥርስ ብሩሽ ያጥቡ። ቀዳዳ ወይም ጥልቅ ስንጥቅ ያለበትን ድንጋይ ያውጡት፤ ዱቄት ደብቆ ይዞ ይመጣል። አቅም ከፈቀደ ለመወልወያ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ በርሜል መያዝ ነው።

ወደ ነጫጮቹ ስንጥቆች እንምጣ። እነሱ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚወጡ የምት ምልክቶች ናቸው። አሜቲስት በሞህስ መለኪያ ጥንካሬው 7 ነው፤ ሆኖም መጠንከርና ምት መቻል ለየቅል ናቸው። በርሜሉ ጎደሎ ከሆነ ድንጋዮቹ በመንሸራተት ፈንታ ከላይ ወደ ታች ይወድቃሉ። ከበርሜሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሙሉት። ሁሉም ትልልቅ አይሁኑ፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ ሽምብራ የሚያህሉትን ያደባልቁ። ትንንሽ ድንጋይ ካጠረዎት ሲራሚክ ማሟያ ጠጠር ይጨምሩበት፤ ለአሜቲስት እስከ ሲሶ ድረስ ቢሆን ጥሩ ነው። ውሃው ከላይኞቹ ድንጋዮች ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቁም። ለእንደርስዎ ዓይነት በርሜል 4 የሾርባ ማንኪያ ሲልከን ካርባይድ (ከመወልወያው በፊት ያለው ሸካራ ዱቄት) ይበቃል። ማሽኑ ፍጥነት የሚቀየርለት ከሆነ ዝግተኛውን ይምረጡ። በመጨረሻ ከመወልወያው በኋላ በንጹሕ ውሃና በጥቂት የሳሙና ፍቅፋቂ ለአንድ ሁለት ሰዓት ቢያዞሩት በገጹ ላይ የቀረው የዱቄት ሽፋን ይለቃል።

መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው ሁለት ነገር እንጨምር። በርሜሉ ሲቆም ጭቃው ታች ይወርዳል፤ ብዙ ሰዓት ከቆየ ደግሞ ይጠጥራል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሳ አይተዉት። ይንቀሉት፣ በርሜሉን በእጅ ነቅንቀው ጭቃውን ያላቁ፣ ከዚያ ያስነሱት፤ አለበለዚያ ሞተሩ ወይም ቀበቶው ይጎዳል። ጭቃውን ደግሞ በፍጹም ሲንክ ውስጥ አይድፉት፤ ቱቦ ውስጥ ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ይደድራል። በባልዲ ያጠራቅሙት፤ ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ውሃ ውጭ ይድፉ፤ ዝቃጩን እርጥብ እንዳለ በፌስታል አስረው ወደ ቆሻሻ ይላኩት። የደረቀ የኳርትዝ አቧራ ሳንባ ይጎዳል። ድንጋይ ሲቆርጡም ሆነ ሲሞርዱ ሁልጊዜ በውሃ ይሁን፤ የጨርቅ ማስክ አያስጥልዎትም።

ጥያቄ፦ ከሰው የተሰጡኝን ወይን ጠጅ ድንጋዮች ሁሉ አንድ ላይ አስገባኋቸው። አሜቲስቶቹ ደህና ናቸው፤ ባለ አራት ማዕዘን የነበሩት ግን ግማሾቹ ተሰነጣጥቀው፣ ግማሾቹ አልቀው ወጡ። (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እነዚያ ፍሎራይት ናቸው። ጥንካሬያቸው 4 ብቻ ነው፤ ከ7 ጋር አንድ በርሜል ውስጥ ሲገቡ አሜቲስቱ ራሱ ሞረድ ይሆንባቸዋል። በዚያ ላይ ፍሎራይት በአራት አቅጣጫ ለስልሶ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ስለሆነ ትንሽ ምት ይበቃዋል። ለሚቀጥለው ጊዜ መለያው ቀላል ነው፤ በማይታይ ጎኑ በኩል በቢላ ጫፍ ይጫሩት። ፍሎራይት ይጫራል፤ አሜቲስት ግን የብረቱን ጥቁር መስመር ይዞ ይቀራል እንጂ አይነካም። ሌፒዶላይት የሚባለው ወይን ጠጅ ሚካ ደግሞ ከ3 አይበልጥም፤ እሱን ጨርሶ ተምብለር አያሳዩት።

የተሰበሩትን ፍሎራይቶች በእጅ ማዳን ይቻላል። የመኪና ቀለም ቀቢዎች በውሃ የሚሠሩበትን ብርጭቆ ወረቀት ይግዙ፦ ቁጥር 400፣ 600፣ 1000 እና 2000። ወረቀቱን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርግተው፣ ውሃ እያንጠባጠቡ፣ ሳይጫኑ ይሹ። ቁጥር በቀየሩ ቁጥር አቅጣጫውን በ90 ዲግሪ ያዙሩት፤ የፊተኛው መስመር ጨርሶ ሲጠፋ ደረጃው እንዳለቀ ያውቃሉ። መጨረሻ ላይ እርጥብ ቆዳ ላይ በአሉሚኒየም ኦክሳይድ መወልወል ነው። ለብ ያለ ውሃ ብቻ ይጠቀሙ፤ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ድንገት ሲዘዋወር ይሰነጠቃል። አሲድም አያስነኩት።

አንድ ነገር ግን እንለምንዎ፦ ጠርዙ ያልተነካ ሙሉ ኪዩብ ካገኙ አይሞርዱት፣ አይወልውሉት። ተፈጥሮ ያወጣችውን ገጽ ምንም ዱቄት አይተካውም፤ ሰብሳቢም የሚፈልገው እንዳለ ነው።

ጥያቄ፦ ደማቅ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ኦፓል “የወሎ ነው” ተብሎ ተሸጠልኝ። ለማጠብ ውሃ ውስጥ ብተወው ሲያድር መስታወት መስሎ ብልጭታው ጠፋ። ተበላሸ ማለት ነው? (አንባቢት፣ ከደሴ)

መልስ፦ የብልጭታው መጥፋት አያስደንግጥዎት። እ.ኤ.አ. በ2008 በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው የወሎ ኦፓል አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሚጠጣ ዓይነት ነው፤ አንዳንዱ የክብደቱን 10 በመቶና ከዚያ በላይ ውሃ ይይዛል። ውሃው ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ሲሞላ ድንጋዩ ጥርት ብሎ ብልጭታው ይሸሻል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ጥላ ቦታ በለስላሳ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡትና ለቀናት፣ ካስፈለገም ለሳምንት ይታገሱት። ፀሐይ፣ ምድጃና የፀጉር ማድረቂያ ያሰነጥቁታል።

የሚያሳስበን ቀለሙ ነው። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ማቅለሚያም ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 “ከሜክሲኮ የመጣ” እየተባለ ይሸጥ የነበረ ወይን ጠጅ ኦፓል በአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ቤተ ሙከራ ሲመረመር፣ የተቀለመና ጠባዩም ከወሎው ኦፓል ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኝቷል። የወሎ ኦፓል የራሱ መልክ ነጭ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቡናማ ወይም ጥርት ያለ ነው፤ ደማቅ ወይን ጠጅ የሆነን ሁሉ ተቀልሟል ብሎ መነሳት ይበጃል። በባለ 10 ማጉሊያ ሌንስ ስንጥቆቹን ይዩ፤ ቀለሙ እዚያ ከተጠራቀመ ማቅለሚያ ነው። በአሴቶን የራሰ ጥጥ ከጀርባው ሲታሽ ወይን ጠጅ ከሆነ ጥያቄው ተመልሷል፤ ነገር ግን ይህ ሙከራ ድንጋዩን ዝንጉርጉር ሊያደርገው ስለሚችል መጨረሻ ላይ ይሁን። የተቀለመ ድንጋይ መሸጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይናገሩ መሸጥ ነው። ወሎ ላይ እየቆፈሩ ለሚኖሩት ሰዎች የድንጋያቸው ስም እንጀራቸው ነው።

ጥያቄ፦ አሜቲስትን ከባለ ቀለም መስታወት በቤት ውስጥ እንዴት ልለይ? (አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ እስከ 0.1 ግራም የምታነብ የኩሽና ሚዛን ካለችዎት ብዙውን ትነግርዎታለች። ድንጋዩን ደረቁን ይመዝኑ። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ ድንጋዩን በቀጭን ክር አስረው፣ ታች ሳይነካ፣ ጎንም ሳይነካ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያንጠልጥሉት። የደረቁን ክብደት ሚዛኑ ላነበበው ያካፍሉት፤ ድንጋዩ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይነግርዎታል። ደረቁ 53 ግራም ሆኖ ውሃ ውስጥ 20 ካነበበ፣ 53 ለ20 ሲካፈል 2.65 ነው፤ የኳርትዝ ቁጥር ይህ ነው። ፍሎራይት 3.18 ይሰጥዎታል። መስታወት እንደ አሠራሩ ስለሚለያይ በቁጥሩ ብቻ አይወስኑ። ድንጋይ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ውጤቱን ስለሚያዛባ በጣትዎ ያራግፉት። ኦፓልን በዚህ መንገድ አይመዝኑ፤ ምክንያቱ ከላይ ተነግሯል።

ቀጥሎ ሌንሱን ያንሱ። ክብ አረፋ መስታወትን ያጋልጣል። በአሜቲስት ውስጥ ቀለሙ እንደ ተደራረበ ወረቀት ቀጥ ባሉ፣ አንዳንዴም በማዕዘን በሚታጠፉ መስመሮች ጠቆርና ፈዘዝ ይላል። ድንጋዩን ነጭ ሳህን ላይ በውሃ ውስጥ ቢያደርጉት ይህ መስመር ጎልቶ ይታያል። በፋብሪካ የበቀለ አሜቲስት ግን በኬሚካሉም በክብደቱም ኳርትዝ ስለሆነ በቤት አይለይም፤ ገንዘብ የሚያወጣ ግዢ ከሆነ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በመጽሐፍ ቅዱስ “አሜቴስጢኖስ” የሚባለው ይኸው ድንጋይ ነው? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ስሙ ይኸው ነው። በዘጸአት 28፥19 በካህኑ የደረት ኪስ ሦስተኛ ተራ፣ በራእይ 21፥20 ደግሞ በአሥራ ሁለተኛው መሠረት ላይ ይገኛል። የግሪኩ ቃል “የማያሰክር” ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ቀለሙን ወይን ጠጅ አልነው።

ጥያቄ፦ መስኮት ሥር ያስቀመጥኩት የአሜቲስት ዋሻ (ውስጡ ክፍት ሆኖ በክሪስታል የተሸፈነ ድንጋይ) በሁለት ዓመት ውስጥ እየነጣ ነው። አቧራ ይሆን? ዝገት የመሰለ ነገርም አለበት። (አንባቢት፣ ከጅዳ)

መልስ፦ ፀሐይ ነው። የአሜቲስት ቀለም የመጣው በኳርትዙ ውስጥ ካለ ጥቂት ብረትና ከምድር ውስጥ የተፈጥሮ ጨረር ነው፤ ረጅም የፀሐይ ብርሃንና ሙቀት ይህን ቀለም ይፈቱታል። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ ብዙው ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይሆናል፤ በገበያ “ሲትሪን” የሚባለውም አብዛኛው እንዲህ የተገኘ ነው። ወርቅ ሠሪ ዘንድ ቀለበት ለማስበየድ ሲሰጡም ድንጋዩ አስቀድሞ ይውጣ። የነጣው በቤት አይመለስም፤ ዋሻውን ዛሬውኑ ፀሐይ ወደማያገኘው ግድግዳ ያዙሩት። የኤልኢዲ መብራት አይጎዳውም።

ዝገቱን ኦክሳሊክ አሲድ ያነሳዋል። መጀመሪያ ዋሻው በቀለም ወይም በሲሚንቶ የተለበጠ አለመሆኑን፣ ነጭ ካልሳይትም እንደሌለበት ያረጋግጡ፤ ካልሳይት በአሲድ ይበላሻል። በፕላስቲክ ባልዲ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 50 ግራም ይሟሟ፤ የቧንቧ ውሃ ካልሲየም ስላለው ነጭ ቅርፊት ይተውበታል። ዱቄቱን ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አያፍስሱ። መርዝ ስለሆነ ጓንትና መነጽር ያድርጉ፣ ምድጃ ላይ አያሙቁት፣ ልጆች በማይደርሱበት በረንዳ ላይ ይክደኑት። ከሁለት እስከ አምስት ቀን ይበቃዋል። ከዚያ ድንጋዩን ንጹሕ ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፉ በየቀኑ ውሃውን ይቀይሩ፤ አሲዱ በቆየበት ቀን ልክ ይሁን። በባልዲው የቀረውን አሲድ ከመድፋትዎ በፊት መፍላቱ እስኪያቆም ድረስ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩበት።